የሞተሩ ድምፅ የተቀየረበት ክረምት

ሳታዩት፣ በድምፁ ብቻ፣ አንድን መኪና ከሌሎች መኪኖች ሁሉ ለይታችሁ ታውቃላችሁ? ገና መታጠፊያው ላይ ሳለ «መጣ» ብላችሁ፣ የያዛችሁትን ጥላችሁ ወደ በር ሮጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ይህ የየቀኑ ሥራዬ ነበር።

ባለፈው ወር የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ እንጦጦ ፓርክ ሄጄ ነበር። በሁለት ረድፍ አሰልፌ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእጃቸው እንዲያሹ አድርጌ፣ ሽታው ከየት እንደሚመጣ እያስረዳኋቸው ሳለ፣ አጠና የጫነ አሮጌ መኪና በመንገዱ ዳር እያቃሰተ አለፈ። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ተወ። የባሕር ዛፍ ጭማቂና የተቃጠለ ዘይት አንድ ላይ ሲሸት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። አረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ ቆምኩ። ከፊት የቆመው ልጅ «ቲቸር፣ አለቀ?» አለኝ። አላለቀም ነበር፤ ግን መቀጠል አልቻልኩም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ቤታችን ከቀበና ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቀበት ዳር ነበር። ከኛ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ መንገዱ እንደ ክርን ይታጠፋል። የቤታችን የጭነት መኪና ከላይ አጠና ጭና ስትወርድ፣ እዚያ መታጠፊያ ላይ አባዬ ማርሽ ይቀንሳል፤ ሞተሯ ሁለት ጊዜ ታስልና እንደ ደከመ ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሁለት ሳል፣ አንድ ትንፋሽ። በክረምት የቀበና ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ እንኳ አይጠፋኝም ነበር። የቆርቆሮውን በር መቀርቀሪያ ስቤ ስከፍት እሷ ደርሳ ትቆማለች። አባዬ ሳይወርድ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «ማን ነገረሽ?» ይለኛል። «እሷ ነገረችኝ» እለዋለሁ። በየቀኑ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ሁለታችንም አይሰለቸንም።

አንድ ጊዜ ራቅ ወዳለ አገር ሊጭን ሲነሳ፣ መንገዱ ቢጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኩት። «የመኪናዬን ድምፅ እየተከተልኩ እመጣለኋ» ብሎ ሳቀ። የሚሄደው ራሷን እየነዳ መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም። ቀልድ መሆኑም አልገባኝም። እንደ ቃል ያዝኩት።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ አባዬ የሌላ ሰው ተሳቢ መኪና ለመንዳት ተቀጠረ። የኛን መኪና አባባ፣ ማለትም የአባዬ አባት፣ ተረከቡ። ቀድሞም የእሳቸው ነበረች፤ አባዬ ሲያገባ ነው በስሙ ያዞሩለት። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት አስቀርተው ሰንዳፋ አክስቴ ዘንድ ላኩኝ። ለምን እንደሆነ አልተነገረኝም። አክስቴ ወተት በላይ በላዩ ታጠጣኛለች፣ ፀጉሬን በቀን ሁለት ጊዜ ትሠራኛለች፣ እያየችኝ ደግሞ በድንገት ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ሦስት ነገሮች ተለውጠው አገኘሁ።

አባዬ ውጭ አገር ለሥራ ሄዷል ተባልኩ። እማዬ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። አባባ ጢማቸውን አሳድገዋል።

የመጀመሪያውን ነገሩኝ። ሁለቱን እኔው ራሴ ፈታኋቸው። እማዬ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ አሁን አባዬ ስለሌለ አባባን በመኪናው ታግዛለች ማለት ነው፣ ጥቁር ደግሞ ቅባት አያሳይም። አባባ ዘንድ ያለው ችግር ምላጭ ነው፤ ምላጭ የሚገዛላቸው አባዬ ነበር። ሁሉም ነገር ልክ መጣልኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሜሮን አንድ ቀን ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት «አባትሽ እኮ» ብላ ስትጀምር፣ እናቷ ከየት መጣች ሳትባል አፏን በመዳፏ መታቻት። ሜሮን አስቀያሚ ስድብ ልትሰድበኝ እንደነበር ገባኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ሰኔ ላይ የሞተሩ ነገር መጣ።

ጋሽ በላቸው የሚባሉ መካኒክ ነበሩ፤ ጋራዣቸው ወንዙ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለ፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ግቢ ነው። አባባ ጠዋት አልነሳ ያለችውን መኪና እያስጎተቱ ወሰዷት፤ እኔም ከኋላ። ጋሽ በላቸው ገና ከሩቅ ሲያዩን፣ «አቶ ወልዴ፣ ይቺ ናፍጣ የምትጠጣው ለወጉ ነው፤ ቀለቧ ዘይት ሆኗል። ትናንት ከላይ ስትወርዱ እኮ ጫካው የተቃጠለ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«አንተም በእሷ ዕድሜ ስትደርስ እናይሃለን» አሉ አባባ።

«እኔማ ሞተሬ ከወረደ ቆየ። አይታወቅብኝም እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱ ቀረ። ሁለት መንገድ ብቻ እንዳለ አስረዷቸው፣ እኔም ሰማሁ። ሞተር ውስጥ ያለውን ነገር እንደ መርፌ አድርጋችሁ አስቡት፤ ሐኪም ቤት የሚወጉበት ማለቴ ነው። ከውጭ ቱቦው፣ ከውስጥ ደግሞ የሚገፋው ዘንግ አለ። ቱቦው በጊዜ ብዛት ሲበላ በዘንጉ ዳር ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ ክፍተት ዘይት ያልፍና ይቃጠላል። ሰማያዊው ጭስ እሱ ነው። ማደስ ማለት ቱቦውን ልጎ ማስፋትና ሰፋ ያለ ዘንግ ማስገባት ነው። የኛው ሞተር ሁለት ጊዜ ተልጓል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተላገ ግድግዳው ይሳሳል፣ ቢሠራም አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት ነው። ሌላው መንገድ ሞተሩን አውጥቶ ከሌላ መኪና የወጣ ደህና ሞተር መግጠም ነው። እንጦጦ በክረምት ጭቃ ስለሆነ አጠና አይወርድም፤ ስለዚህ እስከ መስከረም ለመወሰን ጊዜ ነበረን። ከመስከረም በኋላ ግን መኪናዋ ካልሠራች የምንበላው የእማዬ ሽንኩርት ብቻ ነው።

ሞተሩ ተፈታ። የታችኛው የዘይት ሳህን ሲወርድ ጋሽ በላቸው ባትሪ አብርተው ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ አባባን ጠሯቸው። ዘይት እንዳያፈስ በጠርዙ የሚቀባ ቀይ ማጣበቂያ አለ፤ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ ይሆናል። በሞተሩ ትልቁ አካል ጠርዝ ላይ፣ ማጣበቂያው ተርፎ በወጣበት ቦታ፣ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ተቀርጾ ደርቋል። አሻራውን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቅ አንድ መስመር አለበት። የአባዬን አውራ ጣት በልጅነቱ ቆርቆሮ ቆርጦት ነበር፤ ጠባሳው እንደዚያ ነው። ባለፈው እድሳት ጊዜ ከጋሽ በላቸው ጋር ሆኖ ሞተሩን የገጠመው እሱ ነበር።

«የአባዬ ነው!» አልኩ በኩራት። መምህራችን ደብተራችንን አርማ ስትጨርስ ከታች ትፈርማለች፤ አባዬም ሥራውን ሲጨርስ የፈረመ መሰለኝ።

አባባ በጥፍራቸው ጫፍ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረጉት፤ መሐሉን አልነኩትም። ሞተሩ ቢታደስ ይሄ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። በምላጭ ተፍቆ በናፍጣ እንደሚታጠብ ነገሯቸው፤ አሮጌው ካልተፋቀ አዲሱ አይይዝም። ቢቀየርስ? ሞተር ሻጩ አሮጌውን ወስዶ ለቁርጥራጭ ብረት ያቀልጠዋል። አባባ ዙሪያውን ሲመለከቱ ቆዩና «እስኪ ትቆይ» አሉ። ሸራ አለበሷት።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ቆየች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አባባና እኔ ወደ ጋራዡ እንወርዳለን። አባባ በተደፋ ጀሪካን ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ በአሮጌ ጎማ ላይ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሽ በላቸው የሌሎችን መኪና ይሠራሉ፤ አልፎ አልፎ ደህና ሞተር መገኘቱን ያነሳሉ፣ አባባ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ያን ጊዜ አባባ ውሳኔ የከበዳቸው እንደኔ ለድምፁ ብለው ይመስለኝ ነበር። አንዱን መንገድ ቢመርጡ መፋቅ፣ ሌላውን ቢመርጡ ማቅለጥ እንደሆነባቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ በላቸውን፣ ሞተሯ ከተቀየረ ድምፅዋም ይቀየር እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ይቀየራል እንጂ! እንደ ስፌት መኪና ነው የምትሆነው።»

«እንዳይቀየር» አልኩ። «አባዬ ሲመጣ በምን ያውቀናል?»

ጋሽ በላቸው የያዙትን የብሎን ቁልፍ በጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረው፣ ሞተር ሲቀየር ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም መቀየር እንዳለበት፣ ለዚያ ደግሞ ባለቤቱ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ መቅረብ እንዳለበት ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። እኔ ግን ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። ሊብሬው በአባዬ ስም ነው። ስለዚህ እሱ ሳይመጣ መቀየር አይቻልም።

«አባዬ ሲመጣ ይቀርባል» አልኩ። «እስከዚያ ይታደስ።»

ጋሽ በላቸው ያንኑ ቁልፍ፣ ጥርት ብሎ የጠራውን፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጠረጉት።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን ጾምኩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንጾማለን፤ እኔ ግን ያን ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምቆየው። እማዬ ስለከሳሁ ተቆጣች። ስለቴ ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሞተሩ እንዳይቀየር ነበር።

ጾሙ በተፈታ ማግስት ጋሽ በላቸው ወይ ይሁን ወይ አይሁን ብለው ቁርጡን ጠየቁ። ሻጩ ያገኙትን ሞተር ለሌላ ሊሰጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኛ ሞተር ላይ የተቀረጸው ቁጥርና ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑ መታየት አለበት፤ ካልተመሳሰለ ቢሮ ያስቸግራል። አባባ ሩቅ ያለ አሞራ ይለያሉ፤ ቅርብ ያለ ፊደል ግን ያለ መነጽር አያዩም፣ መነጽራቸውን ደግሞ ቤት ረስተዋል። ፖስታውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ።

«አንቺ አንባቢዋ፣ ሊብሬውን አውጪና ቁጥሩን ጥሪልኝ» አሉኝና ጨርቅ ይዘው የሞተሩን ቁጥር ከዘይት ለማጽዳት ጎንበስ አሉ። ጋሽ በላቸው ባትሪውን ያበሩላቸዋል። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

ፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ አልነበረም። መጀመሪያ እጄ ላይ የመጣው ማኅተም ያለበት፣ በመስመር የተከፋፈለ ቅጽ ነው። በክፍሌ ጎበዝ አንባቢ ነበርኩ፤ ያየሁትን ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። «የሟች ሙሉ ስም» ይላል። ከአጠገቡ በእጅ ጽሑፍ፦ ማሙሸት ወልዴ።

ደብተሬ ሽፋን ላይ ስሜን የምጽፈው ትርሲት ማሙሸት ወልዴ ብዬ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው የራሴ ስም ነበር፤ እኔ ብቻ ከፊቱ ተነስቼ።

ሁለቴ አላነበብኩትም። ቦታው መልሼ ከታቹ ያለውን ሳብኩ፤ ሊብሬው እሱ ነበር።

«ምነው ዘገየሽ?» አሉ አባባ ሳይዞሩ።

«እየፈለግኩ ነው» አልኩ። ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ እንደማነበው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁላቸው። ጋሽ በላቸው በየቁጥሩ «አዎ፣ አዎ» ይላሉ። ሁሉም ልክ ነበር። ፖስታውን አጥፌ መለስኩላቸው።

ያን ቀን ማታ አልተናገርኩም። እማዬ ጥቁር ነጠላዋን ግድግዳው ላይ ስትሰቅል ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። አባባ ጢማቸውን ሲያሹ አየኋቸው። ለራሴ የፈታኋቸው ሁለቱ ነገሮች ዳግም ተፈቱ። ሜሮንን ያኮረፍኩበት ሦስት ቀንም ትዝ አለኝ። የገረመኝ ነገር፣ ሁሉም ይህን ያህል ጊዜ ለኔ ብለው እንደተጨነቁ ማየቴ ነው፤ ማወቄን ብናገር የደከሙበት ነገር የሚፈርስባቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ፣ አባባ ጀሪካናቸው ላይ፣ እኔ ጎማዬ ላይ ነን። ዝናቡ ጋብ ብሏል።

«አባባ።»

«ወዬ።»

«ሞተሩ ይቀየር።»

ክረምቱን ሙሉ የለመንኩት፣ የጾምኩት ተቃራኒውን ነበር። አባባ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ማን ነገረሽ?»

የአባዬ ጥያቄ ነበር፤ አባባ ይህን አያውቁም። «ወረቀቱ» አልኩ።

ጋቢያቸውን ከፈት አድርገው ወደ ውስጥ ሳቡኝ። ደረታቸው የሳሙናና የናፍጣ ሽታ ነበረው። ጋሽ በላቸው ዕቃቸውን አስቀምጠው ወደ ወንዙ በኩል ወጡ። አባባ «መርዶ እንዲህ አይነገርም ነበር፣ ልጄ» አሉ። «እንዲህ አይነገርም ነበር።»

ስለዚህ እንደሚነገረው ነገሩኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከመኝታዬ ቀሰቀሱኝ። አክስቴ ከሰንዳፋ ገብታለች። ጋሽ በላቸው ንጹሕ ኮት ለብሰው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ያለ ዘይት አይቻቸው አላውቅም። የሜሮን እናት ሜሮንን በእጇ ይዛለች። አባባ መሐል ቆመው፣ ልጃቸው ማሙሸት የካቲት ላይ በአፋር መንገድ ተሳቢው ተገልብጦ መሞቱን፣ ለኔ የሚነግሩ ብቻ ሳይሆን ራሳቸውም ገና የሚሰሙት ያህል፣ ቃል በቃል ተናገሩ። የማውቀውን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። እማዬ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ በኔ ፊት ያልወጣላት ጩኸት ወጣላት። ሜሮን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ምንም አላለችም፣ እናቷም አልመታቻትም።

ለቅሶው ሲያበቃ እማዬ ወደ ጋራዡ ልውረድ አለች። ያን ክረምት አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም፤ ስለ አሻራው የነገሯት ያን ሳምንት ነው። ጋሽ በላቸው ሸራውን ገለጡላት፣ ባትሪ አበሩላት። እማዬ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ የራሷን አውራ ጣት በአሻራው ላይ ገጥማ አስቀመጠችው። የእሷ ጣት ያንሳል፤ ዙሪያው ይተርፋል። እስክትነሳ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይሂድ» አለች። «አይፋቅ ብቻ። እንዳለ ይሂድ።»

እንዳለ ሄደ። አባባ የወራሽነቱን ጉዳይ ጨርሰው ሊብሬውን አዞሩ፣ ቁጥሩም ተቀየረ። ሻጩ አሮጌውን ሞተር በጋሪ ሲወስድ አባባ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሬሳ እንደሚሸኙ ሆነው ከኋላው ሄዱ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ አዲሱን ደብተሬን እየሸፈንኩ ነበር። ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። በመንገዱ መኪና ይወርዳል፣ መኪና ይወጣል። አንዱ ለስለስ ብሎ መታጠፊያውን ዞረ። አላሳለም፣ አልተነፈሰም። ቀና ሳልል መጻፌን ቀጠልኩ።

ከዚያ የቆርቆሮው በር ሥር ጥሩምባ ተነፋ። አንዴ። ቆየት ብሎ ሌላ ጊዜ።

ሄጄ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። መኪናችን ናት፤ አጠና ሞልታ፣ ጭስ የላትም። አባባ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው እያዩኝ ነበር። ለምን እንዳልከፈትኩ አልጠየቁኝም። እኔም ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

አሁን አስተማሪ ስለሆንኩ አንድ ነገር እንድትሞክሩ ልጠይቃችሁ። በቤታችሁ የሄደ፣ የታመመ ወይም የሞተ ሰው ካለ፣ ለልጁ ምን እንደምትነግሩት ከመወሰናችሁ በፊት ዛሬ አጠገቡ ተቀመጡና «እሱ አሁን የት ያለ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አታርሙት፤ አታቋርጡት። ብቻውን የሠራውን መልስ እስከ መጨረሻው ስሙለት። ሞክሩት።